የንስሐ አባት የሌለው ጎረምሳ



ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፤

እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ታዳጊ ልጆቻችንን ንስሐ ስለ ማስተማር ነው። የምሥጢረ ንስሐን ነገር ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ አባቶች ፊቴ ተቀምጠዋል። ትርጓሜውን ለእነርሱ ልተውና ከልጆቹ ጋር ስውል ዘወትር የሚያሳስበኝን አንድ ነገር ላንሣ። ልጆቻችን ስለ ንስሐ ያልሰሙት የለም። ያጡት በስማቸው የሚያውቃቸውን፣ ሲጠፉ የሚፈልጋቸውን ካህን ነው። ይህ ጉድለት በየቦታው ቢኖርም በእኛው በአዲስ አበባ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይብሳል፤ የሚብስበትም ምክንያት አለው።

አቃቂ ከባቡር ሐዲዱ ጋር ያደገች ናት። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በዚህ ነበር። በኋላም የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱ፣ የመለዋወጫው ፋብሪካ እየተተከለ የሠራተኛ ሰፈር ሆነች። በዚያን ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ክርስትና በተነሣበት ደብር ያድግ ነበር፤ አባቱን ያናዘዙት ቄስ እርሱንም ያናዝዙታል። ዛሬ ክፍለ ከተማው ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርበት ሆኗል። ቱሉ ዲምቱ ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ከመርካቶም ከልደታም ከቂርቆስም መጥቷል። ከካዛንቺስ የተነሡ ቤተሰቦች በ2017 ዓ.ም. ገላን ጉራ ገብተዋል። በየፋብሪካው ለመቀጠር ከገጠር የመጡ፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ልጆችም አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው በመካከላችን አሉ።

ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። የንስሐ አባት ግን አልመጡም።

እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በቀድሞው ሰፈር የንስሐ አባት ቤት ይመጡ ነበር። ጠበል ይረጫሉ፤ ማዕድ ይባርካሉ፤ ልጆቹን ተራ በተራ መስቀል ያሳልማሉ። ጎረምሳው ከማን ጋር እንደሚውል፣ ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ፣ ከአባቱ ጋር ለምን እንደተኳረፈ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ልጁም ይፈራቸዋል፤ ይወዳቸዋልም። አሁን እኒያ አባት እዚያው አሮጌው ደብር ናቸው፤ አርጅተዋልም። እናት በፍልሰታ ወይም በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ታክሲ ለዋውጣ ሄዳ ተናዝዛ ትመጣለች። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ አብሯት አይሄድም። አዲሱ አጥቢያ ያሉትን ካህናት በቅዳሴ ሰዓት ከሩቅ ያያቸዋል፤ እነርሱ ግን አያውቁትም።

ታዲያ ስለ ንስሐ የሚሰማው ከየት ነው? ከስልኩ ነው። በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚዘዋወሩ አጫጭር ስብከቶችን ያያል፤ ብዙዎቹም ስለ ገሃነምና ስለ ዓለም ፍጻሜ በከፍተኛ ድምፅ የሚያውጁ ናቸው። በዚያ መንገድ ልቡ የተነካ ልጅ የለም አልልም፤ አይቻለሁ። ነገር ግን ስልኩ «አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ልጁ ይደነግጣል፤ ያለቅሳል፤ ጣቱን ወደ ላይ ሲገፋ ሌላ ቪዲዮ ይመጣል። ድንጋጤው የሚያርፍበት ሰው አላገኘም።

በዚህ ላይ እኛው ራሳችን ያጸናነው ክፉ ልማድ አለ። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን እናስጠምቃለን፤ ሥጋ ወደሙን እናቀብላለን። ሕፃኑን ታቅፈን በየበዓሉ እናቆርባለን። ልጁ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሲሞላው ግን ዝም ብሎ ከቁርባን ይቀራል። ለምን እንደቀረ የሚጠይቀው የለም፤ ምክንያቱም ወላጆቹም ከዚያው ዕድሜ ጀምሮ ቀርተዋል። በቅዳሴ መጨረሻ ለቁርባን ተሰልፈው የሚቀርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መካከሉ ባዶ ነው። አንድ ጎረምሳ ይህን በዓይኑ እያየ ንስሐና ቁርባን የእርሱ ዕድሜ ጉዳይ እንዳልሆኑ ይማራል፤ እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ያንን አያጠፋውም። «ገና ልጅ ነኝ፤ ስሸመግል» የሚለውን ሐሳብ ማንም በቃል አላስተማረውም። ሰልፉን አይቶ ነው የተማረው። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁን ንስሐ ግባ ከማለታችሁ በፊት እናንተ በዚያ ሰልፍ የት እንደቆማችሁ ልጁ ማየቱን አትርሱ።

ይህ ሊለወጥ የማይችል ነገር አይደለም። በአገራችን አንድ ትውልድ እንዳለ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የተመለሰበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በደርግ ዘመን የተማረ ወጣት ሃይማኖትን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ እንዲያይ ይነገረው ነበር። በዚያው ዘመን የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ጳጳስ ሆነው ሳሉ ከተማሪ ጋር ተቀምጠው ጥያቄውን ያዳምጡ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። በማግሥቱ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ በተላኩ ጊዜ በሰፈሩ ውስጥ ለጸሎት የተሰባሰቡት ልጆች፣ ከዝዋይ ከወጡት ጋር ሆነው፣ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። እዚህ ካላችሁት መምህራን ብዙዎቹ የዚያ ፍሬ ናችሁ። ያን ትውልድ የመለሰው ምን ነበር ብትሉኝ፣ ትምህርቱ ጥልቅ ነበር እላለሁ፤ ከትምህርቱ በፊት ግን ጊዜ የሰጣቸው፣ ስማቸውን የሚጠራ አባት ነበራቸው።

አሁን ወደ ክፍሉ ውስጥ ልግባ። ከታዳጊዎች የሚመጣው ትልቁ ጥያቄ ስለ ንስሐ ትርጉም አይደለም። ጥያቄው ይህ ነው፦ «ተናዝዤ ነበር፤ ቀኖናዬንም ፈጽሜ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሠራሁ። የመጀመሪያው ንስሐዬ ውሸት ነበር ማለት ነው?» ይህን የሚጠይቅ ልጅ በስልኩ የሚያየውን ክፉ ምስል መተው ያቃተው ሊሆን ይችላል፤ የስፖርት ውርርድ ቤት ደጃፍ ማለፍ ያልቻለ ሊሆን ይችላል፤ ጫት የጀመረም ሊሆን ይችላል። «እውነተኛ ንስሐ ከሆነ ዳግመኛ አይሠራም» ብለን በአንድ ቃል የምንመልስለት ከሆነ ልጁን አጣነው። ሁለተኛ አይመጣም። ውሸታም መባልን ፈርቶ ይሸሻል።

ለዚህ ጥያቄ ከቅዱሳን ታሪክ የሙሴ ጸሊምን ያህል የሚረዳኝ የለም። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ይህ አባት በትውፊት ኢትዮጵያዊ ይባላል። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የአንድ ባለሥልጣን አገልጋይ ነበረ፤ በስርቆቱ ከቤት ተባረረና የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ጉልበታም፣ ቁጡ፣ የሚፈራ ሰው ነበር። ወደ ገዳመ አስቄጥስ መጥቶ በንስሐ ሲመለስ ግን የቀድሞ ምኞቱ አብሮት ገባ። መነኮሰ፤ ፈተናው አልተወውም። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ ይሄድ ነበር፤ አልቻልሁም ይል ነበር። መምህሩ አልተቆጡትም። ሲነጋጋ ወደ ሰገነት ይዘውት ወጡና ጨለማው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ሲገፈፍ አሳዩት፤ የነፍስም ነገር እንዲሁ ነው አሉት፤ እንዲህ ይተረካል። ይህን ለጎረምሶች ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቅዱስ የተባለ ሰው ለብዙ ዘመን «አልቻልሁም» እያለ ወደ አባቱ ይመላለስ እንደነበር ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ወድቆ የተመለሰ ልጅ ንስሐው ውሸት አይደለም፤ የሚያስፈራው ወድቆ የሚቀረው ነው።

ከዚያው ገድል ሌላም የምወደው ነገር አለ። የሙሴ ያ ሁሉ ጉልበት ምን ይደረግ? ወንበዴ ሆኖ ሰው ይጎዳበት የነበረውን ጉልበት በሌሊት ውኃ ለመቅዳት አዋለው። ወደ ምንጩ መሄድ ለማይችሉ አረጋውያን መነኮሳት እንስራቸውን እየሞላ በየደጃቸው ያኖርላቸው ነበር። ክቡራን አባቶች ካህናት፣ ለወጣት ቀኖና ስትሰጡ ይህን እንድታስቡት በትሕትና እለምናለሁ። ስግደቱም ጾሙም እንዳለ ይሁን። ነገር ግን ለአዲስ አበባ ብዙ ውኃ የሚሰጡት ጉድጓዶች እዚሁ አቃቂ ሆነው ሳሉ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ውስጥ ነው ያለነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጉልበት የከዳቸው እናት አሉ። ልጁ እስከ ጾሙ ፍጻሜ ጀሪካን እያወጣ እንዲያደርስላቸው ቢታዘዝ፣ ንስሐ እጅና እግር እንዳለው ያውቃል። ምጽዋት ገንዘብ ላለው ብቻ እንዳልሆነም ይረዳል።

ኃጢአት ብለን የምንዘረዝርላቸው ነገርም መታየት ይኖርበታል። ለታዳጊ ስንሰብክ ዝሙት፣ ጫት፣ ሺሻ፣ መጠጥ እንላለን፤ እውነት ነው፣ አሉ። ግን የልጁ ቀን የሚያልፍበትን ሌላውን ኃጢአት አንጠራም። ኩረጃን ተመልከቱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትና ኩረጃ በዝቶበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ ተደረገ፤ በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ለዚያ ውጤት የትምህርት ጥራቱም፣ ጦርነቱም፣ ኮሮናውም ምክንያት ናቸው፤ ሁሉንም በልጆቹ ላይ አልጭንም። ኩረጃን ኃጢአት ብሎ ለካህን የሚናገር ተማሪ ግን እጅግ ጥቂት ነው። መልስ ማቀበል ወዳጅነት ሆኗል፤ የማያቀብል ልጅ ክፉ ይባላል። ሌላው ደግሞ አንደበት ነው። ጠዋት ነጠላ አጣፍቶ ያስቀደሰ ልጅ ከሰዓት በቴሌግራም ሰውን በብሔሩ እየጠራ ይሰድባል፤ ሁለቱ በልቡ ውስጥ አይጋጩበትም። እንዲጋጩበት ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።

ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው የካሳ ነገር ነው። እዚህ ላይ የዘኬዎስን ታሪክ በቃሊቲ ማስተማር እንደምን ያለ ዕድል ነው! ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበር። የእኛ ልጆች ቀረጥ ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ማንበብ አያስፈልጋቸውም፤ የጉምሩኩን መሥሪያ ቤት በር ያውቁታል፤ የጭነት መኪናው ሰልፍ በየቀኑ የሚያልፉት መንገድ ነው። ከመካከላቸው አባቱ ሾፌር፣ እናቱ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ የምትሠራ አለ። ለእነዚህ ልጆች ዘኬዎስ ዛፍ ላይ የወጣ አጭር ሰው ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ጌታ ቤቱ ሲገባ ዘኬዎስ ተነሥቶ የገንዘብ ነገር ተናገረ፦ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውን ደግሞ አራት እጥፍ። ማንንም ስለ ጽድቅ አልሰበከም፤ የወሰደውን መለሰ።

ለጎረምሳ ይህ እንዴት ይተረጎማል? አንድ ልጅ የክፍል ጓደኛው የሆነችን ልጅ ፎቶ በቴሌግራም ለቆ አሳፍሯት እንበል። ለካህን ተናዘዘ፤ ይቅርታ ተነገረው። ልጅቷስ? አሁንም አንገቷን ደፍታ ነው ትምህርት ቤት የምትገባው። ፎቶውን ማጥፋት፣ በዚያው ቡድን ውስጥ በራሱ ስም ጥፋቱን ማመን፣ ልጅቷ ከፈቀደች ይቅርታ መጠየቅ የንስሐው አካል መሆኑን ካላስተማርነው፣ ከበደሉ ራሱን ብቻ ነጻ ማውጣትን አስተማርነው ማለት ነው። ይህን ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ ከባድ ነው። መምህሩ አብሮት ይሂድ።

ስለ ሌላ ጥያቄም አንድ ቃል ልበል። ልጆቻችን ከወንጌላውያን አማኞች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፤ ጓደኛ ናቸው፤ ጓደኝነታቸውም መልካም ነው። «ጓደኛዬ ለእግዚአብሔር በቀጥታ ነው የምናገረው ይላል፤ እኔ ለምን ቄስ ዘንድ እሄዳለሁ?» ይላሉ። ልጁን አትገሥጹት፤ የጓደኛውንም እምነት አታቃልሉ። በየሌሊቱ ለእግዚአብሔር በቀጥታ መናገር የእኛም ሥርዓት ነው፤ ያለዚያ ኑዛዜ ከንፈር ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጌታ ለሐዋርያት የሰጠውን የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አስረዱት። ደግሞም ሰው ለራሱ ሲናገር ጥፋቱን ወይ ያሳንሳል ወይ ያገዝፋል፤ ሌላ ሰው ፊት ሲናገረው ግን ጥፋቱ ልኩን ያገኛል። ካህኑ የሰማውን ለማንም፣ ለወላጅም ጭምር፣ እንደማይናገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ብዙ ልጅ የሚቀረው «ለእናቴ ይነግሩብኛል» ብሎ ነው።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበትን ነገር እናገራለሁ፤ እናቶች በተለይ ስሙኝ። ንስሐ ልግባ ብለው ከሚመጡ ልጆች መካከል ምንም ያልበደሉ አሉ። በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በአሠሪ የተደፈረች ልጅ ያ ነገር የእርሷ ኃጢአት መስሏት «ረክሻለሁ» እያለች ትመጣለች። ወንዶችም አሉ። እንዲህ ላለ ልጅ ቀኖና መስጠት ጭካኔ ነው። የመጀመሪያው ቃል «አንቺ አልበደልሽም» የሚል መሆን አለበት፤ ቀጥሎ ሐኪም፣ ቀጥሎም ሕግ። ኃጢአቱን የሠራው ሰው ሽማግሌ ልኮ በእርቅ እንዲያልፍ የሚደረግበትን ልማድ በዚህ ጉዳይ አንቀበለው። ከሱስ ጋር የሚታገለውንና ራሱን ለማጥፋት የሚያስበውንም እንዲሁ፤ ጸሎቱና ጠበሉ ይኑር፣ ሐኪም ዘንድ መሄድም የእምነት ጉድለት ተደርጎ አይቆጠርበት።

መምህራን ሆይ፣ ለእናንተ ያለኝ የነቢዩ ዮናስ ነገር ነው። በየዓመቱ የነነዌን ጾም ሦስት ቀን እንጾማለን፤ ስናስተምርም በዓሣው ሆድ ላይ እናተኩራለን። የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ ግን እንዘልለዋለን። ነነዌ በንስሐ ስትድን ሰባኪው ተቆጣ። እግዚአብሔርም ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ልራራ አይገባኝምን ብሎ ጠየቀው፤ መጽሐፉ የዮናስን መልስ ሳይነግረን ያበቃል። በክፍላችን ውስጥ ጸጉሩን ያንጨበረረ፣ ሱሪው የወረደ፣ ዘግይቶ የሚገባ ልጅ ሲመለስ ፊታችን የሚጠቁርበት ጊዜ አለ። «የት ነበርህ እስከ ዛሬ?» የምንለው ጥያቄ መልሶ ያስወጣዋል። ከእርሱ ይልቅ ዘወትር የሚመጣው፣ መዝሙር የሚያጠናው፣ በልቡ ግን «እኔ እንደ እርሱ አይደለሁም» የሚለው ልጅ ያስፈራኛል። ሙሴ ጸሊም በአንድ ወንድም ላይ ለመፍረድ ሲጠራ የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ለሁለቱም ልጆች የሚሆን ትምህርት ነው።

የመጨረሻው ልመናዬ ለሰበካ ጉባኤው ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ ቤተሰብ ወደ አጥቢያው ሲመጣ ከምዝገባው ጋር «የንስሐ አባት አላችሁ ወይ? ልጆቻችሁስ?» ተብሎ ይጠየቅ። የቀድሞውን አባት ትተው መለወጥ የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሳያስፈቅዱ መተውም ተገቢ አይደለም። አንድ ካህን ስልክ ደውሎ ቀድሞ የነበሩትን አባት ቢያነጋግርላቸውና ቡራኬ ቢቀበልላቸው ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ከቤተሰብ ርቀው በፋብሪካ ለሚሠሩት ልጆች ደግሞ የሚመቻቸው እሑድ ከሰዓት ነውና ሰዓቱ ለእነርሱም ይታሰብ። ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ሁለት አባቶች በተወሰነ ሰዓት በግቢው ውስጥ፣ ሰው በሚያያቸው ነገር ግን በማይሰማቸው ቦታ ይቀመጡ። ታዳጊው ማንንም ሳያስጠራ፣ ቀጠሮ ሳይጠይቅ ሄዶ ይቀመጥ። ወላጆችም ልጁ ከዚያ ሲመለስ «ምን አልክ? ምን አሉህ?» ብላችሁ አትመርምሩት።

ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ያቀረቧቸው ጥያቄዎች በሣጥን ውስጥ ተሰብስበው አባቶች ፊት ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ከባድ ናቸው፤ ሁሉም ይነበቡ። እኔ እዚህ ላይ ላቁምና በእነርሱ እንጀምር።